ከፍሳሽ ፕላስቲክ መሥራት፦ ወጪውንና የአካባቢ ጫናውን ከግንባታ በፊት እንዴት እናስላ?

በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያወጣ የወተት ማቀነባበሪያ፣ ሁሉም ነገር ከተሳካለት፣ ከፍሳሹ የሚያገኘው ፕላስቲክ 40 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ጭነት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከፊት ያስቀመጥነው ለማስፈራራት አይደለም። ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ዱከም ባሉት ፋብሪካዎች ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ወጪውንም ሆነ ለአካባቢ የሚሰጠውን ጥቅም የሚያካፍለው ለዚያችው 40 ኪሎ ስለሆነ ነው። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሳሹ በነጻ ስለሚገኝ ፕላስቲኩም በርካሽ የሚወጣ ይመስላል።

የምንናገርለት ፕላስቲክ ፒኤችኤ ይባላል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲተርፋቸው፣ እኛ ስብ እንደምናከማች፣ በሰውነታቸው ውስጥ የሚያጠራቅሙት ነገር ነው። በዓለም ገበያ የሚሸጠው ፒኤችኤ በአብዛኛው ከስኳር ወይም ከዘይት የሚመረት ሲሆን፣ ከማምረቻ ወጪው እስከ ግማሽ የሚጠጋው የባክቴሪያው ቀለብ ነው። ፍሳሽ ይህን ቀለብ ያስቀራል፤ ታንኩን ማምከንም አያስፈልግም። ነገር ግን የቀረው ወጪ በአየር፣ በማድረቅና ፕላስቲኩን ከባክቴሪያው በማውጣት ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የትኛው ፍሳሽ ይሆናል?

የፍሳሽ ጥንካሬ የሚለካው በሲኦዲ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ኦርጋኒክ ነገር አቃጥሎ ለመጨረስ ስንት ሚሊ ግራም ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ ይነግራል። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሊቲ ወዳለው ማጣሪያ የሚፈሰው የከተማ ውሃ ብዛቱ ቢያስጎመጅም ለዚህ ሥራ እጅግ ቀጭን ነው። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ከ2,000 እስከ 6,000 ይደርሳል። የወተት ማቀነባበሪያ እጥበት እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ የአይብ አጓት ብቻውን ከተሰበሰበ ግን 50,000ን ያልፋል። አጓት ያለው ሰው ከእጥበት ውሃ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይያዘው። አንድ ጊዜ ከቀጠነ በኋላ ማወፈር የሚቻለው በገንዘብ ነው።

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮምና ሰልፋይድ ስላለው አይሞከርም። ከማቅለሚያ የሚወጣውም እንዲሁ።

ስሌቱ የሚቆመው በልኬት ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ናሙና ምንም አይነግርም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየሁለት ሰዓቱ አንድ አንድ ሊትር እየቀዱ የቀኑን በአንድ ጀሪካን ያጠራቅሙና ከዚያ ላይ ሲኦዲ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) እና የስብ መጠን ያስለኩ። የፍሳሹን መጠንም በሰዓት ይመዝግቡ። ሦስት ነገር ያታልላል። አንደኛው እጥበት ነው፤ መስመሩ በኮስቲክ ሶዳና በናይትሪክ አሲድ በሚታጠብበት ሰዓት ፒኤቹ ከ12 ወደ 2 ሊዘል ስለሚችል ማጠራቀሚያ ገንዳ የግድ ነው። ሁለተኛው ክረምት ነው፤ የጣራና የግቢ ውሃ ከፍሳሹ ጋር ከተቀላቀለ ከሰኔ እስከ መስከረም የሲኦዲው ቁጥር በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሦስተኛው ጾም ነው። በሁዳዴ 55 ቀን የወተት ገበያው ሲቀዘቅዝ የፍሳሹም መጠንና ዓይነት ይለወጣል። በጥቅምት የተወሰደን ልኬት ለመጋቢት የሚጠቀም ሰው ባዶ ታንክ ውስጥ አየር እየነፋ ይከርማል።

ከ500 ኪሎ ወደ 40 ኪሎ

100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ በሊትር 5,000 ሚሊ ግራም ሲኦዲ ካለው፣ በቀን የሚገባው 500 ኪሎ ነው። መጀመሪያ ይብላላል፤ ስኳሩና ፕሮቲኑ ወደ ኮምጣጤ አሲድና ወደ መሰሎቹ ተናኝ አሲዶች ይለወጣል። ከዚህ 60 በመቶ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ 300 ኪሎ። ከሦስት አንዱ እጅ (100 ኪሎ) ባክቴሪያውን ለማሳደግ ይውላል፣ 28 ኪሎ ያህል ደረቅ ሴልም ይሰጣል። የቀረው 200 ኪሎ ለማድለቢያ፣ ማለትም ያደገው ባክቴሪያ ፕላስቲክ እንዲያከማች ለሚቀለብበት ታንክ ነው። በማድለቢያው ከሚገባው ሲኦዲ 40 በመቶው ፕላስቲክ ሆነ እንበል፤ 80 ኪሎ ሲኦዲ ይሆናል። አንድ ኪሎ ፒኤችኤ ወደ 1.7 ኪሎ ሲኦዲ ስለሚይዝ በክብደት 47 ኪሎ ነው። ጎን ለጎን የሚያድገው ሌላ ሴል ሲጨመር ደረቁ ዝቃጭ (የባክቴሪያው ክምችት) በጠቅላላ 85 ኪሎ ይደርሳል፣ ከዚህ 55 በመቶው ፕላስቲክ ነው። በማውጣት ሂደት 15 በመቶው ይጠፋል። 40 ኪሎ ቀረ።

በቤተ ሙከራ የሚጻፈው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል፤ በኔዘርላንድስ ፌኸል ከተማ በቸኮሌት ፋብሪካ ፍሳሽ በአነስተኛ የሙከራ ጣቢያ የተካሄደ ጥናት ከሴሉ 70 በመቶ ፕላስቲክ አግኝቷል። ያ ውጤት ግን ንጹህ፣ በስኳር የበለጸገና በየቀኑ የማይለዋወጥ ፍሳሽ ይፈልጋል። ለበጀት የሚጻፈው 55 ይሁን፤ ከዚያ በላይ የመጣው ትርፍ ነው።

ማብላያው

ሊጥ የሚቦካበትን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይህን ደረጃ ያውቀዋል። ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6 ይያዝ፤ ከ5 በታች ሲወርድ ሥራው ይዳከማል፣ ከ6.5 በላይ ሆኖ ውሃው ብዙ ቀን ከቆየ ደግሞ አሲዱን ሚቴን የተባለውን ጋዝ የሚሠሩት ጀርሞች ይወስዱታል። ቆይታው ከ1 እስከ 2 ቀን ነው። ስቡን ቀድሞ በስብ ማጥመጃ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ላይ ተንሳፎ ይጋገራል፣ በኋላም በአየር ታንኩ ላይ አረፋ ሆኖ ይገነፍላል።

ትልቁ ስህተት ታንኩን ማሞቅ ነው። መጽሐፍ ሁሉ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ይላል፤ አዲስ አበባ ግን ዓመታዊ አማካይዋ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ይታወቃል። 100 ሜትር ኩብ ውሃ በ10 ዲግሪ ለማሞቅ በቀን 1,160 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልጋል። ለ40 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 29 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ብቻውን ሥራውን ይገድለዋል። መፍትሔው ፍሳሹ ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘውን ሙቀት አለማባከን ነው፦ ቧንቧውን ማሳጠር፣ ታንኩን መሸፈንና ግድግዳውን መልበድ፣ በብርድ ወራት ቆይታውን ከአንድ ቀን ወደ ሁለት ማስረዘም።

ፍስክና ጾም

ሁለተኛው ታንክ፣ መምረጫው፣ የሚመርጠው የሚያከማቸውን ባክቴሪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ለረጅም ሰዓት ይከለከላል። በፍስኩ ሰዓት ያከማቸ በጾሙ ሰዓት ይተርፋል፣ ያላከማቸ ይሞታል። በ12 ሰዓት ዙር ውስጥ ፍስኩ ከ2 ሰዓት ተኩል መብለጥ የለበትም። መለያው በውሃው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ነው፦ ምግብ ሲገባ ይወርዳል፣ ምግቡ ሲያልቅ በድንገት ወደ ላይ ይዘላል። ዝላዩ ከ3 ሰዓት በኋላ ከመጣ ጭነቱ በዝቷል፤ ምግቡን ይቀንሱ። ዝላዩ ጭራሽ ካልታየ ወይ አየሩ አንሷል ወይ መለኪያው ቆሽሿል፤ ሁለተኛው በብዛት የሚያጋጥም ስለሆነ በየቀኑ ይጥረጉት። ምግቡን ቀስ እያሉ ማንጠባጠብም አይገባም፤ ክር መሳይ ባክቴሪያ ይበዛና ዝቃጩ አልረጋ ይላል።

ከፍታው እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል አንጻር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን ከ9 ወደ 7 ሚሊ ግራም በሊትር ይወርዳል፣ ብሎወሩ (የአየር መንፊያ ማሽኑ) የሚገፋው አየርም ያንኑ ያህል የሳሳ ነው። የአምራቹ ካታሎግ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነው፤ ሞተሮችም በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ብቻ የተመደቡ ናቸው። ብሎወር ሲያዙ ከፍታውን በጽሑፍ ይግለጹ። የሚገዛውም ለፍስኩ ሰዓት የሚበቃ እንጂ ለቀኑ አማካይ የሚበቃ አይደለም፤ በፍስኩ ሰዓት የሚጠየቀው ኦክስጅን ከአማካዩ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋስ? በፍስኩ መካከል አየር ከተቋረጠ ታንኩ ይታፈናል፤ የሚመረጠውም ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይሆናል። ስለዚህ የምግብ ፓምፑ ከብሎወሩ ጋር ይተሳሰር፤ አየር ከሌለ ምግብ አይገባም። ጾም ላይ ሳለ የሁለት ሦስት ሰዓት መቋረጥ ብዙ አይጎዳም። በማድለቢያው ታንክ ግን የከፋ ነው። ማድለቢያው ለ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ናይትሮጅኑ የተቀነሰ አሲድ በተደጋጋሚ እየተሰጠ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ አየር እየተነፋ ዝቃጩ ከተቀመጠ ባክቴሪያው ያከማቸውን መልሶ ይበላል። እንደ ደለበ በሬ፣ ሲደርስ መታረድ አለበት።

ማውጣትና ማድረቅ፦ ብሩ የሚያልቀው እዚህ ነው

አየር ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል የሚለው ወሬ እውነት ነው። በምሳሌያችን በቀን 200 ኪሎ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ በዚህ ከፍታና በቆሻሻ ውሃ ውስጥ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ኦክስጅን ይሟሟል ብለን ብንይዝ 200 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፓምፕ፣ ማማሰያና ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በማሽከርከር ውሃውን የሚለይ ማሽን) 60 ቢጨምሩ፣ በኪሎ ፕላስቲክ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል።

ማድረቅ ግን ከዚያ ይበልጣል። 85 ኪሎ ደረቅ ነገር የያዘ፣ ሴንትሪፉጅ አድርጎም 15 በመቶ ብቻ ደረቅ የሆነ ዝቃጭ ክብደቱ 567 ኪሎ ነው። 470 ኪሎ ያህል ውሃ መትነን አለበት፤ ከነብክነቱ 400 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት፣ በኪሎ ፕላስቲክ 10። የወረቀት ዕቅዶች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት መሥመር ይህ ነው።

ሁለት መውጫ አለ። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ማስጣት። ከመሰጣቱ በፊት ባክቴሪያው ያከማቸውን እንዳይበላ ፒኤቹ በሰልፈሪክ አሲድ ወደ 2 ወይም 3 ይውረድ። አሲዱ አዋሽ መልካሳ ስለሚመረት የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ክረምት ላይ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ሁለተኛው ሳያደርቁ ማውጣት ነው። እርጥቡ ዝቃጭ በሊትር 50 ግራም ደረቅ እንዲኖረው ተደርጎ፣ ኮስቲክ ሶዳ በሊትር 8 ግራም ይጨመርና በ30 ዲግሪ ገደማ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይማሰላል። ሴሉ ይሟሟል፣ ፕላስቲኩ ይቀራል። 85 ኪሎው 1,700 ሊትር ስለሚሆን በቀን 13.6 ኪሎ ኮስቲክ፣ በኪሎ ፕላስቲክ 340 ግራም ነው። ሙቀቱንም ሆነ ሰዓቱን መጨመር አያዋጣም፤ ኮስቲኩ ፕላስቲኩን ራሱን መቁረጥ ይጀምራል። ንጽሕናው ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ በታች ነው፣ ቀለሙም ቡናማ ነው። ጥቅሙ ግን አለ፤ የቀረው የኮስቲክ ውሃ በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ወደ ማብላያው ይመለሳል፣ እዚያም ፒኤቹ እንዳይወርድ ያግዛል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ዝቃጩን ቀድሞ አሲድ ውስጥ መንከር የለበትም፤ አንዱን ኬሚካል በሌላው ማጥፋት ነው የሚሆነው።

በረኪናስ? ነጭና ንጹህ ፕላስቲክ ይሰጣል። ስሌቱ ግን ይህን ይመስላል፦ በሊትር 30 ግራም ዝቃጭ በ5 በመቶ በረኪና ከታከመ 2,800 ሊትር በላይ በረኪና በቀን ያስፈልጋል፤ በኪሎ ፕላስቲክ 3.5 ኪሎ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። የፕላስቲኩን ረጅም ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፣ የሚቀረው ውሃ ደግሞ ክሎሪን ስላለበት ወደ ታንክ ቢመለስ ባክቴሪያውን ይጨርሳል። በረኪናና አሲድ በአንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል። ክሎሮፎርም ለቤተ ሙከራ እንጂ ለፋብሪካ ግቢ የሚሆን አይደለም።

አንድ ነገር በጨርቅ ማጣሪያ የሚሠሩትን ያስደነግጣል። ሴሉ ከሟሟ በኋላ የፕላስቲኩ ፍሬ ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ያነሰ ነው፤ በጨርቁ ቀዳዳ ያልፋል። ምርቱ "ጠፋ" ሲባል ብዙውን ጊዜ ያለው በማጣሪያው ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ወተት ከመሰለ ይመልሱት። ሴንትሪፉጅ ወይም ሙሉ ሌሊት ማርጋት ያስፈልጋል።

በብር ሲተረጎም

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ወጪውን መጀመሪያ በኪሎዋት ሰዓት፣ በኪሎና በሰው ቀን ይጻፉ፣ በመጨረሻ በዕለቱ ዋጋ ያባዙ። በምሳሌያችን አንድ ኪሎ ፕላስቲክ የሚበላው 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ፣ 340 ግራም ኮስቲክ፣ እርጥቡን ፕላስቲክ የማድረቂያ ትንሽ ሙቀትና የሰው ጉልበት ነው። ሦስት ፈረቃ አንድ አንድ ኦፕሬተር፣ አንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ካለ አራት ሰው ለ40 ኪሎ ይሠራል፤ በኪሎ አንድ አሥረኛ የሰው ቀን። ፍሳሹ በአሥር እጥፍ ቢያድግ ሠራተኛው በአሥር እጥፍ አያድግም፤ ትንሽ ፋብሪካ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ለግንባታ የሚሆን አንድ ቀላል ማስያ አለ። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ምርቱ 12 ቶን ነው። ግንባታው በ10 ዓመት ይመለስ ቢባል፣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ብር ግንባታ በኪሎ 8 ብር ከ30 ሳንቲም ይጨመራል፤ ገንዘቡ በ15 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ 16 ብር ከ60። ታንኮቹ ብቻ ማብላያ 200 (የብርድ ወራቱን የሁለት ቀን ቆይታ እንዲይዝ)፣ መምረጫ 33፣ ማድለቢያ 45፣ ማጠራቀሚያ 50 ሜትር ኩብ ናቸው።

በገቢው በኩል፣ በዓለም ገበያ ፒኤችኤ በኪሎ ከ4 እስከ 6 ዶላር፣ ተራው ፖሊኢትሊን (የፌስታል ፕላስቲክ) ከ1 እስከ 1.5 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል። ቡናማና ከ90 በመቶ በታች ንጹህ የሆነ ምርት የመጀመሪያውን ዋጋ አያገኝም። ስለዚህ ሥራው በፕላስቲክ ሽያጭ ብቻ ራሱን እንዲችል መጠበቅ የዋህነት ነው። የሚቆመው ፍሳሹን ማጣራት ለፋብሪካው ግዴታ በመሆኑ ነው፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለዚህ ነው ያለው። ስለዚህ ተራ ማጣሪያ ቢሠራ የሚወጣው ወጪ ተቀንሶ፣ በፕላስቲኩ ላይ የሚጫነው ልዩነቱ ብቻ ይሁን። ሁለቱ ስሌቶች ጎን ለጎን ካልተሠሩ ባንክም ባለቤትም የሚያየው ኪሳራ ነው። አንድ የአስተዳደር ነገርም አይዘንጋ፤ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው የሚቀርበው ለኦሮሚያ እንጂ ለአዲስ አበባ አይደለም።

ለአካባቢ ይጠቅማል ወይ?

መልሱ የሚወሰነው ፕላስቲኩ ባይሠራ ፍሳሹ ምን ይሆን ነበር በሚለው ነው። ሦስቱን እንይ።

ፍሳሹ ወደ አቃቂ ወንዝ እየተለቀቀ ከሆነ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በቀን ብዙ መቶ ኪሎ ኦርጋኒክ ቆሻሻ ከወንዙና ከአባ ሳሙኤል ይቀራል። ይህ ጥቅም ግን የማጣሪያው እንጂ የፕላስቲኩ አይደለም። ተራ ማጣሪያም ያመጣው ነበርና በሪፖርት ላይ ለፕላስቲኩ አይጻፍ።

ፍሳሹ ክፍት ኩሬ ውስጥ እየሸተተ የሚቀመጥ ከሆነ ሚቴን እየወጣ ነው። አንድ ኪሎ ሲኦዲ ያለ አየር ሲበሰብስ 250 ግራም ሚቴን ይሰጣል። ከ500 ኪሎው 60 በመቶ እንዲህ ቢበሰብስ በቀን 75 ኪሎ ሚቴን ነው፤ ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ ከ2,100 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ይህን ማስቆም ከፕላስቲኩ ከሚገኘው ቁጠባ ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ፋብሪካው ባዮጋዝ ካለውና ጋዙን ቦይለር ውስጥ የሚያነድ ከሆነ፣ ከዚያው 500 ኪሎ በ70 በመቶ ስሌት 122 ሜትር ኩብ ሚቴን፣ ማለትም 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያገኛል። ፍሳሹ ወደ ፕላስቲክ ሲዞር ያንን ሙቀት 120 ሊትር ያህል ናፍጣ ይተካዋል፤ በቀን 330 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በአንጻሩ 40 ኪሎ ፖሊኢትሊን ባለመመረቱ የሚቀረው 80 ኪሎ፣ ሲቃጠል የሚወጣውም ቢደመር 200 ኪሎ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ፕላስቲክ ቢሠራ አካባቢን ይጎዳል። የሚሠራ ባዮጋዝ ያለው ሰው አይንካው።

በኤሌክትሪክ በኩል ኢትዮጵያ ዕድለኛ ናት፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይል ከውሃ ስለሚመጣ፣ በአውሮፓ ጥናቶች የአየር መንፊያው ላይ የሚጫነው ካርቦን እዚህ ከሞላ ጎደል የለም። የውጭውን ጥናት ቁጥር ገልብጦ መውሰድ ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጄነሬተር ሲነሳ ግን ዕድሉ ያበቃል። በኪሎዋት ሰዓት 0.35 ሊትር ናፍጣ ቢበላ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ በጄነሬተር ቢካሄድ በኪሎ ፕላስቲክ ከ6 ኪሎ በላይ ይደርሳል፣ ከፖሊኢትሊን የባሰ። ስለዚህ የመብራት መቋረጡ ሰዓት በዓመት ተመዝግቦ ስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ጨውም አለ። 13.6 ኪሎ ኮስቲክ በ100 ሜትር ኩብ ውስጥ በሊትር 78 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይጨምራል። ከአቃቂ ወንዝ እየቀዱ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች ታች እንዳሉ አይረሳ፤ ሶዲየም የበዛበት ውሃ ጥቁር አፈርን ያጠነክራል፣ ውሃም አያስገባም። ፋብሪካው አስቀድሞ በኮስቲክ የሚታጠብ ከሆነ ሁለቱ ተደምረው ይታዩ።

የፕላስቲኩ መጨረሻም ይቆጠራል። ፒኤችኤ በአፈርና በብስባሽ ውስጥ በወራት ይበሰብሳል። ቆሼ በመሰለ የቆሻሻ ክምር ሥር ተቀብሮ አየር ሲያጣ ግን ይበሰብስና ሚቴን ይሰጣል፤ አንድ ኪሎው በጽንሰ ሐሳብ እስከ 400 ግራም። እዚያ ቦታ ላይ ዝም ብሎ የሚተኛው ተራ ፌስታል ለአየር ንብረቱ ያነሰ ጉዳት አለው። ስለዚህ ምርቱ የሚመረጠው የት እንደሚወድቅ ታውቆ ነው። ፌስታል ሊሠሩ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን የማይበሰብስ ፌስታል ከከለከለ ወዲህ ሐሳቡ ይመላለሳል። ፒኤችኤ ግን 175 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መፍረስ ስለሚጀምር በፌስታል መንፊያ ማሽን ላይ ያስቸግራል፣ ከፍሳሽ የመጣ ስለሆነም ምግብ ሊነካ አይገባም። የሚሻለው በየክረምቱ በሚሊዮን የሚፈለገው የችግኝ ከረጢት ነው፤ ከችግኙ ጋር ተቀብሮ እዚያው ይቀራል፣ ቡናማ መሆኑም አያስነውረውም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ሦስት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ፣ አንድ ትንሽ ብሎወር፣ ሁለት ፓምፕ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያና የኦክስጅን መለኪያ ይበቃሉ። ዘሩ ከማንኛውም አየር ከሚነፋበት ማጣሪያ የተቀዳ ዝቃጭ ነው። የመምረጫው ዝቃጭ ዕድሜ (ባክቴሪያው በታንኩ ውስጥ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ) ሁለት ቀን ከሆነ፣ ለውጡ እስኪታይ ሦስትና አራት ሳምንት ይታገሡ፤ በሳምንት ውስጥ የታየ ውጤት የዘሩ እንጂ የምርጫው አይደለም። አንድ ወር ከጾም ውጭ፣ አንድ ወር በሁዳዴ ቢሞከር ዋጋ አለው።

የፕላስቲኩን መጠን በግምት ለማወቅ፣ ከማድለቢያው የተወሰደ ዝቃጭ በ60 ዲግሪ ይድረቅና 1 ግራም ይመዘን፤ በ50 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ በረኪና ለ1 ሰዓት ይማሰል፣ በሴንትሪፉጅ ይለይ፣ ሁለት ጊዜ በተጣራ ውሃ ይታጠብ፣ ደርቆ እንደገና ይመዘን። ያልሟሟ አመድና ፍርስራሽም ስለሚቆጠር ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል፤ በወር አንድ ጊዜ በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካ የቤተ ሙከራ መሣሪያ) ማስመርመር ያስተካክለዋል። በበረኪናው የተገኘው ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ችግሩ ያለው ከማድለቢያው ሳይሆን ከመምረጫው ነው፤ የፍስኩን ርዝመት መልሰው ይለኩ። ከ30 በታች ሆኖ ከቀጠለ ደግሞ የዚያ ፍሳሽ ትክክለኛ ቦታ ባዮጋዝ ነው።